መጽሐፈ ወገብ፦ ከቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ስለ ወንበር፣ ስለ ጠረጴዛና ስለ አንገት የተሰጠ ሐተታ

መቅድም

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ብልቶች ሁሉ እንደ ወገብ ውለታው የተረሳ የለም። ዓይንን ዘፋኝ ሲያሞግሰው ይኖራል፤ ለልብ የባለቅኔው ቀለም አይበቃም። ወገብም ቢሆን ቅጥነቱ ይወደሳል እንጂ ሥራው ተመርምሮ፣ ሸክሙ ተለክቶ ሐተታ ሲጻፍለት አላየንም። ይህን የዕውቀት ክፍተት ለመሙላት፣ ማንም ሳይጠይቀንና ማንም ሳይሾመን፣ ብዕራችንን ቀርጸን ተነሣን።

ዘመኑም ግድ ብሎናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የቢሮ ሥራ ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ቤት ገባ። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ብዙው ሰው ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ከተርጓሚው፣ ሶፍትዌር ከሚሠራው፣ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት ሂሳብ ከሚያወራርደው ግን እዚያው ቤቱ የቀረ አለ። ቢሮ ሌላው ቢቀር ወንበር ነበረው። ቤት ውስጥ ያለው ለእንግዳ የተገዛ ሶፋ፣ ለምሳ የተገዛ ጠረጴዛ፣ ለድግስ የተገዛ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ከሦስቱ አንዱም ቀኑን ሙሉ ለሚተይብ ሰው ታስቦ አልተሠራም።

የሐተታችን ፍሬ ቃል ይህ ነው፤ ዕቃ በሰው ልክ ይስተካከላል እንጂ ሰው በዕቃ ልክ አይታጠፍም፤ በልኩ የተስተካከለውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሊያስቀምጥ አይችልም። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ሊቅነትን ማን ያከብረዋል? ስለዚህ በስድስት ምዕራፍ እንዘረዝረዋለን።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ ቀደምት ሊቃውንት

ሐተታ ያለ ቀደምት ስም አይጀመርም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 የሠራተኞችን ደዌ በየሙያቸው ዘርዝሮ መጽሐፍ አሳተመ። በ1713 ሲያሰፋው ጸሐፊዎችን ጨመረበት፤ የሕመማቸውንም ምክንያት ሦስት አደረገው። እነዚህም ያለ ዕረፍት መቀመጥ፣ እጅን በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ ማመላለስና አእምሮን መወጠር ናቸው። ኪቦርድ ሳይታይ፣ ማውዝ ሳይፈጠር፣ የስብሰባ ሊንክ ሳይላክ ይህን ማለቱን ልብ በል። ከእርሱ በኋላ ፖላንዳዊው ቮይቼክ ያስትርዜቦቭስኪ በ1857 ሰውንና ሥራውን ለሚያስማማው ጥናት ኤርጎኖሚክስ የሚል ስም አወጣለት። ሕፃኑ ከተወለደ ቆይቷል፤ ስሙ ዘግይቶ ወጣለት።

ከሁሉ የሚልቀው ምስክር ግን አሜሪካዊው ጊልበርት ዳንየልስ ነው። በ1950 ገደማ የአገሩ አየር ኃይል የአብራሪ መቀመጫ ለአማካይ ሰው እንዲስማማ ይፈልግ ነበር። ዳንየልስ የ4,063 አብራሪዎችን ልኬት ይዞ 10 ዋና ዋናዎቹን መረጠ፤ ቁመት፣ የደረት ዙሪያ፣ የእጅ ርዝመትና የመሳሰሉትን። ከዚያ በአሥሩም ልኬት አማካይ የሆነ አብራሪ ስንት ይገኛል ብሎ ቆጠረ። አንድም አልተገኘም። አንዱ እጁ ረዝሞ እግሩ ያጥራል፤ ሌላው ደረቱ ሰፍቶ አንገቱ ይቀጥናል። አየር ኃይሉም ሰውን መምረጡን ትቶ መቀመጫውን ወደ ማስተካከል ዞረ።

እንግዲህ አናጺው የምግብ ጠረጴዛህን ለማን ሠራው ቢሉ፣ ላልተወለደ ሰው ሠራው። አንድም፦ ወደ ሱቁ ለሚገባው ሁሉ ሠራው፤ ለሁሉ የተሠራ ደግሞ ለማንም አልተሠራም። አንድም፦ ለሚበላ ሰው ሠራው፤ የሚበላ ሰው ሃያ ደቂቃ ጎንበስ ቀና ብሎ ይነሣል። ያንተ ምሳ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት የሚቆይ ነው።

ምዕራፍ ሁለት፦ ከተረከዝ ወደ ላይ

ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይላል ተረቱ። ይህን ቃል ሽማግሌው ለዕርቅ፣ ፖለቲከኛው ለሙግት ሲጠቅሰው ኖሯል፤ በመሠረቱ ስለ ወንበር ከፍታ የተነገረ መሆኑን ግን እስከ እኛ ድረስ ያስተዋለ አልነበረም። እንደምን ነው ቢሉ፦ ወንበሩ ሲሰቀል እግር መሬት አጥቶ ይንጠለጠላል። አንድም፦ ጠረጴዛው ሲሰቀል ክርን አብሮ ይሰቀላል፣ ክርን ሲሰቀል ትከሻ ይከተለዋል፤ ትከሻ ጆሮ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ማታ ቆመውም ቢሆን አይወርድም፣ የሚያሽ ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ሥርዓቱ ከታች ይጀምራል። መጀመሪያ ተረከዝ፣ ቀጥሎ ዳሌ፣ ቀጥሎ ክርን፣ በመጨረሻ ዓይን። ብዙ ሰው ከኪሱ ይጀምራል፤ ውድ ወንበር ገዝቶ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል።

የእግር ሕግ አጭር ነው። የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ ይረገጥ። ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋ፤ ጭን አግድም ይሁን ወይም ወደ ጉልበት ጥቂት ያዘቅዝቅ። በወንበሩ ጠርዝና በቋንጃህ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ ጠርዙ ቋንጃን ከነካ ደም ሥርና ነርቭ ይጫናል፣ እግር ይደነዝዛል። የክርን ሕግም እንዲሁ ነው። ትከሻ ልል ብሎ፣ ክርን ከጎን ሳይርቅ፣ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ተከፍቶ፣ ኪቦርዱ ክርን ባለበት ከፍታ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኝ።

አሁን ሕጉን ከተራው ሰው ጋር እናገናኘው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች አንዲት ሠራተኛ ከ45 ሴንቲ ሜትር ወንበር ላይ ተቀምጣ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች እንበል። ክርኗ ከመቀመጫዋ በላይ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ከወለሉ 68 ላይ ይውላል። ጠረጴዛው በ7 ይበልጣታል። ምን ታደርጋለች? ጠረጴዛው አይወርድ፤ ትከሻዋን ታወጣለች። ሰባት ሴንቲ ሜትር በአንድ ደብዳቤ አይታወቅም፤ በወር ደመወዝ መዝገብ ግን ይታወቃል።

መፍትሔው መቀመጫዋን በ7 ማሳደግ ነው። ለዚህ ጋቢ አጥፎ መቀመጥ የሚቃጣው አለ፤ እናት ያየች ቀን ግን "ጋቢ ላይ ተቀመጠበት!" ተብሎ ለቤተ ዘመድ ይነገራል፣ እውነቷንም ነው። ስፖንጅ ቤት ሄዶ ጠንካራውን በልክ ማስቆረጥ ይሻላል። በመዳፍ ሲጫኑት ጣት ከታች ካለው ጣውላ የሚገናኝበት ስፖንጅ አይረባም፤ ተቀማጩን ከነማዕረጉ ይውጠዋል። መቀመጫው 52 ሲደርስ ክርኗ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ይሆናል፤ አሁን ግን እግሯ ተንጠለጠለ። ተረቱ የተናገረው ይህንኑ ነው። ቋንጃዋ በጫማዋ ከወለሉ 42 ከሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር የእግር መርገጫ ያስፈልጋታል። መጽሐፍ ረግጦ ሊቅ የሆነ የለምና መጽሐፍ አይሆንም፤ የጫማ ካርቶን በአሮጌ ጋዜጣ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሞልቶ በፕላስተር ሲታሸግ ተግባሩን ይፈጽማል።

ቀጥሎ ጀርባ ነው። ወገብ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ ስንቀመጥ ዳሌ ወደ ኋላ ይሽከረከርና ያ ጉብጠት ይጠፋል። የውድ ወንበር ሻጭ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥልህ ዋና ነገር ይህን ጉብጠት የሚደግፍ እብጠት ነው። የእጅ ፎጣ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልለህ፣ በሲባጎ አስረህ፣ ቀበቶ በምትታጠቅበት ከፍታ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር እሰረው። ዳሌህን እስከ ኋላ አስገብተህ ተደገፍ። ፎጣው ከፍ ብሎ ጎድን ላይ ካረፈ ወደ ፊት ይገፋሃል፤ ዝቅ ብሎ መቀመጫህ ላይ ከወደቀ ፎጣ ብቻ ነው።

ስለ ፕላስቲክ ወንበር ፍርዳችን አጭር ነው። መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ፣ ክንዱ የማይነቃነቅ ነው። ክንዱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይጋጭና ወደ ሥራህ አያስጠጋህም፤ አንተም ወንበሩን ትተህ በአንገትህ ትጠጋለህ። ለለቅሶ ቤት የተባረከ ይሁን፤ ለሥራ አይሁን።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ ላፕቶፕ ጋብቻ

ላፕቶፕ የስክሪንና የኪቦርድ ጋብቻ ነው፤ በቁርባን ስለተጋቡ አይፋቱም። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ከፍታ መኖር አለመቻላቸው ነው። ስክሪን ዓይን ዘንድ መሆን ይፈልጋል፤ ኪቦርድ ክርን ዘንድ። ለኪቦርዱ ስታደላ አንገትህ ይደፋል፤ ለስክሪኑ ስታደላ እጅህ ይሰቀላል። ሽማግሌ ሆኖ የገባው አንገት ነው፤ እንደ ሽማግሌም ሁሉ የሁለቱን ወገን ዱላ የሚቀበለው እርሱ ሆነ።

የዱላው ክብደት ተሰልቷል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። የኒው ዮርኩ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኬኔት ሃንስራጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ስሌት፣ አንገት 15 ዲግሪ ሲደፋ አከርካሪው የሚሸከመው ወደ 12 ኪሎ፣ 60 ዲግሪ ሲደፋ ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ከሩብ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ሩብ ኩንታል አንገትህ ላይ ጭነህ ከመርካቶ እስከ ፒያሳ ሂድ ብትባል ትጣላለህ፤ ኢሜይል ስትመልስ ግን ያለ ክፍያ ትሸከመዋለህ።

ጋብቻው ሳይፈርስ መኝታ መለየት ይቻላል። ላፕቶፑን ከፍ አድርግ፤ ለእጅህ ሌላ ኪቦርድና ማውዝ ስጠው። ከፍታው የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንህ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ እስኪል ነው፤ ርቀቱ እጅህን ስትዘረጋ ጣትህ ስክሪኑን እስኪነካ። ለቅርብና ለሩቅ የተከፈለ መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን ስክሪኑን ከዚህም ዝቅ ያድርግ፤ አለበለዚያ በመነጽሩ ታችኛ ክፍል ለማንበብ አገጩን አንሥቶ ሲውል ማታ ማጅራቱን ይይዛል።

ማሳደጊያው ምን ይሁን? መጽሐፍ መርገጥ ነውር ነው ብለናል፤ በመጽሐፍ መደገፍ ግን የሊቃውንት ወግ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ከታች፣ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አዘጋጅተውት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከላይ ቢሆኑ፣ ከዚህ የላቀ ምሰሶ አይገኝም። ጉዳቱ አንድ ግሥ ለማየት በተፈለገ ቁጥር ቢሮው በሙሉ መፍረሱ ነው። የሥራ ባልደረቦች በስብሰባ መካከል ፊታችን ድንገት ወደ ጣሪያ ሲዞር ያዩት ለዚህ ነው፤ ምሥጢሩ "ወገበ" ከሚለው ግሥ ላይ ነበር።

ኪቦርዱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አቅርበው። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ እግሮች አትዘርጋ፤ አንጓህን ወደ ላይ ያጥፉታል፣ አንጓ ግን ቀጥ ብሎ መዋል ይወዳል። ማውዙ ከኪቦርዱ ጎን፣ በአንድ ከፍታ ይሁን። በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ማውዙን ወደ ውጭ ስለሚገፋው የቀኝ ትከሻህ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊያነሣ የተዘረጋ ይመስላል፤ ሂሳብ የማትሠራ ከሆነ አጭሩን ግዛ። ስልክ ደግሞ በጆሮና በትከሻ መካከል ተቆንጥጦ አይያዝ፤ ጆሮ ማዳመጫ ርካሽ ነው።

ምዕራፍ አራት፦ ስለ ላይ ቤትና ታች ቤት

የጎንደር ሊቃውንት በትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እንደተለያዩ፣ ከቤት የሚሠሩ ሰዎችም በሁለት ተከፍለዋል። ላይ ቤቶች በጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ናቸው። ታች ቤቶች ሶፋ፣ ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው የሚሠሩ ናቸው። ሁለቱም መከራከሪያ አላቸው።

ላይ ቤቶች ስዊድናዊውን ሐኪም አልፍ ናኬምሶንን ይጠቅሳሉ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰዎች የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊት ለካ፤ ያለ መደገፊያ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ግፊት እንደሚያመጣ አገኘ። ታች ቤቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። በ1999 በጀርመን የቪልከ ቡድን በአንድ ፈቃደኛ ላይ ሲለካ፣ ወንበር ላይ ዘርጠጥ ብሎ መቀመጥ ቀጥ ብሎ ከመቀመጥ ያነሰ ግፊት አሳየ። በ2006 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ዋሲም ባሺርና ባልደረቦቹ 22 ፈቃደኞችን ማስቀመጥ በሚችል ኤምአርአይ ሲያዩ፣ ከቀጥታው 90 ዲግሪ ይልቅ ወደ ኋላ 135 ዲግሪ ያህል ጋደም ማለት ለዲስኩ ይመቸዋል አሉ። ታች ቤት እልል አለ፤ ሶፋውም ቅዱስ ሆነ።

እኛ መካከለኛውን ይዘናል። መደገፍ ይጠቅማል፤ ዲስኩ ለታች ቤት መሰከረ። ግን ሶፋ ለመደገፍ የሚበቃ ነገር አይደለም። መቀመጫው ጥልቅና ለስላሳ ነው፤ ዳሌ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወገብ ባዶ ላይ ይቀራል፣ ላፕቶፑ ጭን ላይ ይወርዳል፣ አንገትም ወደ ሩብ ኩንታሉ ይመለሳል። ሙቅ ላፕቶፕ ጭን ላይ አዘውትሮ ማስቀመጥ ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ጥቁርቁር ምልክት እንደሚተው ሐኪሞች ያውቁታል።

ታች ቤቶች የመጨረሻ ክርክር አላቸው። "ቁም ጸሐፊውም ጠረጴዛ አልነበረውም፤ ጉልበቱን አቁሞ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያንን ሁሉ ዳዊት ጻፈ!" ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ቀጥሎ ያለውን አላነበቡም። ብራናው ወደ ዓይኑ ያዘነበለ እንጂ ጭኑ ላይ የተኛ አልነበረም። መቃ ብዕሩ ሲደነዝዝ ይቀርጸዋል፤ ቀለሙን መሬት ላይ ከተተከለው ቀንድ ያጠቅሳል፤ ብራናውን ያሰምራል፣ ገጹ እስኪደርቅ ይጠብቃል። በየደቂቃው እጁ ሌላ ሥራ አለው። ያንተ እጅ ከኪቦርዱ የሚነሣው ብስኩት ሲፈልግ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ደንግገናል። መተየብ በጠረጴዛ ይሁን። ማንበብና ስብሰባ መስማት በተደገፈ ጀርባ ጋደም ብሎ ይፈቀዳል፤ ስክሪኑ ዓይንን ተከትሎ ከፍ ይበል እንጂ ዓይን ስክሪኑን ተከትሎ አይውረድ። አልጋ ለእንቅልፍ ተጠብቆ ይኑር።

ምዕራፍ አምስት፦ ስለ ብርሃንና ስለ ስድስት ሜትር

መስኮት በጎንህ ይሁን። ከጀርባህ ከሆነ ስክሪኑ መስተዋት ይሆንብሃል፤ በቪዲዮ ስብሰባም ፊት የሌለው ጥላ ሆነህ ትቀርባለህ። ከፊትህ ከሆነ ዓይንህ ከፀሐይና ከስክሪን ጋር በአንድ ጊዜ ይታገላል። ማታ ደግሞ ክፍሉን አጨልሞ ስክሪን ብቻ ማብራት ዓይንን ያደክማል፤ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ አንድ አምፖል ያስታርቃቸዋል። መብራት ከጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ መታገልህን ትተህ ዓይንህን አሳርፍ፤ ምክንያት ከዚህ የበለጠ አታገኝም።

የዓይን ሐኪሞች የሚያስተምሩት ልማድ አለ፤ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ማየት። ስክሪን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው እጅግ ያነሰ ነው፤ እንባው ይደርቃል፣ ቅርብ የሚያሳየውም ጡንቻ እንደተወጠረ ይቆያል። ሳሎኑ ግን 6 ሜትር የማይሞላ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የት ይመልከት? ከመስኮቱ ወዲያ ካለው ብሎክ ላይ ይመልከት። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ለዓይን ጥሩ ዒላማ ነው። ነገር ግን 20 ሴኮንድ ሲሞላ ዓይንን መመለስ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የጎረቤት ጉዳይ እንጂ የጤና ጉዳይ አይደለም።

ምዕራፍ ስድስት፦ ስለ መነሣት

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ዲስክ ደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአካባቢው ሰርጎ ነው፤ ግፊት ሲጨምርና ሲቀንስ ፈሳሽ መውጣትና መግባቱም ያግዘዋል። የማይነቃነቅ ተቀማጭ፣ ቀጥ ቢልም ቢጋደምም፣ ዲስኩን ያስርባል። ላይ ቤትም ታች ቤትም የተሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ የተከራከሩት የቱ አቀማመጥ ይሻላል ብለው ነው፣ አካል የሚለምነው ግን መለዋወጥን ነው።

ከቤት ሆነው ለሠሩ ሁሉ አለቃ የሚሆነው የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1842 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1882 ድረስ በእንግሊዝ፣ ያኔ ኬንት ውስጥ በነበረው ቤቱ ዳውን ሃውስ ሠራ። የሥራ ወንበሩን እግር ባለ መሽከርከሪያ አድርጎ ከናሙና ወደ ናሙና ይንከባለል ነበር፤ ሲጽፍም በወንበሩ ክንዶች ላይ ጣውላ ያጋድማል። ወንበሩን ያህል የሠራለት ግን የጓሮው የእግር መንገድ ነው። በየቀኑ ይዞረዋል፤ ዙሩን ለመቁጠር ድንጋይ ከምሮ በእያንዳንዱ ዙር አንዱን በእግሩ ገፋ ያደርጋል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጓሮ ባይኖረው ደረጃ አለው፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖርማ ከዳርዊን ይበልጣል።

በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ተነሥ። ውኃ በትንሽ ብርጭቆ ጠጣ፤ ጆግ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሰው መነሻ ምክንያቱን በገዛ እጁ ገደለ። ስልክ ቆመህ አነጋግር። ቡና ካለ ደግሞ አስተውል፤ ከአቦል እስከ በረካ ዱካ ላይ ጉልበቱን ከዳሌው በላይ አድርጎ የተቀመጠ ሰው መቀመጥን በመቀመጥ ለወጠ እንጂ አላረፈም። ያረፈችው ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስትነሣ፣ ስትቀመጥ የቆየችው ናት። ወገቡን የሚወድ ሰው ቡናውን ራሱ ያፍላ።

ቆሞ መሥራት ለሚመኘው ቡፌው ክርኑ ድረስ ከሆነ በቂ ጠረጴዛ ነው። ግን ቆሞ መዋልም ሌላ ደዌ አለው፤ እግር ያብጣል፣ ደም ሥር ይወጣጠራል። ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆሙ ካህናት መቋሚያ የያዙት በከንቱ አይደለም፤ መቆምም ድጋፍና መለዋወጥ እንደሚፈልግ ከዳርዊን በፊት ያውቁ ነበር። መቋሚያ የሌለው አንድ እግሩን የጫማ ካርቶኑ ላይ ያሳርፍ፣ ሲደክመው ይለውጥ።

ድኅረ ሐተታ፦ ጠያቂ ቢጠይቅ

ጠያቂ "አያቶቻችን ይህ ሁሉ ሳይኖራቸው ኖረዋል" ቢለን እንመልስለታለን። አያትህ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠም፤ ያረሰው ቆሞ፣ የተፈረደለት ቆሞ፣ ያመሰገነውም ቆሞ ነው። ወገቡ አላመመውም ማለት ግን አይደለም፤ አልነገረህም እንጂ።

"ወንበሩን ልግዛው፣ የትኛውን?" ቢለን እንዲህ እንላለን። በመጀመሪያ ካርቶኑን፣ ፎጣውን፣ ኪቦርዱንና ማውዙን ጨርስ። ያን ጊዜ የቀረህ ጉድለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለህና ለጉድለቱ ትገዛለህ። ሱቅ ስትገባ ከፍታው የሚስተካከል፣ መደገፊያው የሚጋደም፣ ክንዱ ዝቅ ብሎ ከጠረጴዛ ሥር የሚገባ ይሁን። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠህበት ቆይ። ሻጩ "ጌታዬ፣ ይወስዱታል?" እያለ ቢቁነጠነጥ አትነሣ፤ ሁሉም ወንበር በመጀመሪያው ደቂቃ ይመቻል።

"ጠረጴዛው ለምሳ ይፈለጋል፤ በየቀኑ አፍርሼ ልገንባ ወይ?" የሚል ጥያቄ ከባለ ትዳር ሁሉ ይመጣል። ሥልጣን የምሳ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ልኩን አንድ ጊዜ ከያዝክ አይጥፋብህ። የስክሪኑን ከፍታ በእርሳስ ግድግዳው ላይ፣ የወንበሩን ቦታ በፕላስተር ወለሉ ላይ ምልክት አድርግ፤ የካርቶኑ ክዳን ላይም "አይጣል" ብለህ ጻፍ። ወጡ ሲነሣ ቢሮው በሁለት ደቂቃ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጠያቂ "ሁሉን አደረግሁ፤ አሁንም ያመኛል" ይላል። ሊቅነታችን እዚህ ላይ ያበቃል። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ ቢደነዝዝ፣ እግር ኃይል ቢያጣ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ቢቀሰቅስ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሽንትን መቆጣጠር ካቃተው ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ያንኑ ቀን ይሂድ፣ ይህን ሐተታ ለማንበብም አይቆይ። ሐኪሙ ሥራህ ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ላይ ተቀምጠህ ነው የምትሠራው ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ታካሚ "እንዲሁ ቤት ውስጥ ነው" ይላል። የእኛ ደቀ መዝሙር ግን መቀመጫ 52፣ ጠረጴዛ 75፣ መርገጫ 10 ብሎ በሴንቲ ሜትር ይመልስ፤ ሐኪሙም ቢያንስ በዚህኛው አይቆጣውም።